ፊፊታ ስንተኛ ክፍል ናት?

ሱቫ፣ ፊጂ
ጃንዋሪ 16 ቀን 1995

ለተከበሩ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ሉሴአኔ
ኔያፉ፣ ቫቫኡ፣ ቶንጋ

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ደጃፍዎ ላይ ይቀመጥ። የጸሎቱን ሳምንት በሰላም ፈጽማችሁ አዲሱን ዓመት ለመጀመር ስለበቃችሁ አምላክ ይመስገን። እኔም ባለቤቴ ሎሴም ደህና ነን። እኛ ጋር የሚያድገው የሟቹ የወንድማችን ልጅ ማካም ደህና ነው፤ ቁመቱ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። ሱቫ እንደሚያውቋት ናት፤ ልብስ አስጥተው ዞር ሲሉ ይዘንባል።

ልጅዎ ፊፊታ ሐሙስ ዕለት ደርሳለች። «ልጄ» ልል ነበር፤ ግን ከሁለት ዓመቷ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ያሳደጓት እርስዎ ስለሆኑ «ልጅዎ» ማለት ይቀለኛል። አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላት እንደ እንግዳ እጄን ጨበጠችኝ። ሎሴ አቅፋት ስታለቅስ እሷ በትከሻዋ በኩል ሻንጣዋን ትጠብቅ ነበር። የላኩት ምንጣፍና ቫኒላም ደርሶናል፤ ቤቱ በሙሉ ቫኒላ ቫኒላ ይሸታል።

የትምህርት ቤቱን ነገር ልንገርዎ። የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ልጆች የሚማሩበት ነው፤ የሠላሳ አገር ልጆች አሉበት ይባላል። እኔ የምሠራበት የባሕር ካርታ ቢሮ ከዘንድሮ ጀምሮ የሠራተኞቹን ልጆች ክፍያ ስለሚሸፍን ነው በሩ የተከፈተልን። ምዝገባ ክፍል ያለችው ወይዘሮ ናሊኒ የምትባል የሱቫ ሕንዳዊት ናት፤ ፈገግ እያለች አሥራ አንድ ወረቀት አሸከመችኝ። የልደቱና የክትባቱ ወረቀት እጃችን ላይ አለ። የጎደለው የሁለት ዓመት የውጤት ካርድ ነው፤ ከነትርጉሙና ከነማኅተሙ ቢልኩልኝ።

ናሊኒ እንዳለችኝ ከውጭ የመጣ ተማሪ ክፍሉ የሚወሰነው በዕድሜው ብቻ አይደለም። ሂሳብ ይፈተናል፣ ይጽፋል፣ አስተማሪ ፊት ጮክ ብሎ ያነባል። ፊፊታ በዕድሜዋ ስምንተኛ ክፍል ናት። ማካም ወደዚያው ስለሚዛወር የፊታችን ዓርብ አብረው ይፈተናሉ። ብቻዋን እንዳትፈራ አንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጧቸው ለምኜ ናሊኒ እሺ ብላኛለች።

የተስማማነውን አልረሳሁም። እስከ ፋሲካ ነው። ካልተመቻት ወይም ከእኩዮቿ በታች ካደረጓት በፋሲካው አውሮፕላን ትመለሳለች። እርስዎ የአባቷ እህት ነዎት፤ በአገራችን ወግ በልጅቷ ላይ ከእኔ ቃል የእርስዎ ይበልጣል።

ታናሽ ወንድምዎ
ሴሚሲ

.

ኔያፉ
ጃንዋሪ 28 ቀን 1995

ለወንድሜ ለሴሚሲ

ጀልባውን ከማዕበል የሚጠብቅ ጌታ ቤትህንም ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አትጠይቀኝ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሰው ሆኗል፤ ሲፈልግ ይነሣል፣ ሳይፈልግ ይተኛል።

የውጤት ካርዱን ልኬልሃለሁ። የተረጎመው ራሱ የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ነው። አንዱን ባሕር ቢያጥበው ሌላው ይተርፋል ብሎ ሁለት ማኅተም አሳረፈበት። ካርዱ ከሳሎኔ ግድግዳ የተነቀለ ነውና ጀርባው ላይ አረንጓዴ ቀለም ብታይ አይግረምህ። አንተ አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስትማር ካርድህን ሙዙ ሥር ቀብረኸው፣ ዶሮ ጭራ አውጥታ ለአባታችን አስረከበችው። የሷ ካርድ የተሰቀለው ግን ሰው ሁሉ እንዲያየው ነበር። ይህን ለዚያች ለናሊኒ ንገራት።

አንድ ምክር ልስጥህ። ፊፊታ ዝም ስትል አልገባትም ማለት አይደለም። ዝም ካለች ምክንያት አላት። አንተ እንደ አባታችን ቶሎ መፍረድ ትወዳለህ፤ ስለዚህ ቆም ብለህ ጠይቃት።

ምንጣፍ የምንሠራበት ቤት ሴቶቹ መቀመጫ ሳልይዝ ነው የሚቀበሉኝ። «እትዬ ሉሴአኔ፣ ልጅቷ ስንተኛ ገባች?» ይሉኛል። «ስምንተኛ ነዋ፣ ሌላ ስንተኛ ልትገባ ነው!» ብያቸዋለሁ። ፈተናው እንዴት እንደሆነ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ
ሉሴአኔ

.

ሱቫ
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1995

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ሉሴአኔ

ይህ ወረቀት በደህና ቀን፣ ጉልበትዎ ፈቅዶልዎ በተነሡበት ሰዓት ያግኝዎ። ካርዱ ደርሶኛል። ናሊኒ ሁለቱን ማኅተም አይታ «ቶንጋ ውስጥ ነገር ጠንቅቀው ነው የሚሠሩት» አለችኝ።

ትምህርት ተጀምሯል። የደንብ ልብሱ ሰማያዊና ነጭ ነው፤ ቀሚሱን ሎሴ ለሁለት ቀን ስታሳጥርና ስታስረዝም ከረመች። ፊፊታ ጠዋት ጠዋት መስኮት በሌለው አውቶቡስ ትሄዳለች፤ ሲዘንብ ሸራው ይወርዳል፣ እሷም ሽሮባዋ ረጥቦ ትደርሳለች። ሮቲ የሚሉትን የሕንድ ቂጣ ለምዳለች፤ ቃሪያውን ግን ለማካ ትተውለታለች። በሂሳብ ፈተናው ከመቶ ዘጠና አንድ አምጥታለች። አስተማሪው «ይህን ስሌት ማን አስተማረሽ?» ቢላት «አክስቴ፣ ቫኒላ ሲቆጥሩ» አለችው አሉ።

ቤተ መጻሕፍቱ ትልቅ ነው። ሜዳው ሰፊ ነው። የቀረው የቀረው በሂደት ላይ ነው።

አብሮ ያለው ፎቶ የክፍሏ ተማሪዎች በሙሉ የተነሡት ነው። መሐል ላይ ቆማለች። አንድ ትንሽ የወገብ ምንጣፍ ቢልኩልን ለቤተ ክርስቲያን ትታጠቀዋለች፤ ያመጣችው በዝናቡ ሻግቶባታል።

ታናሽ ወንድምዎ
ሴሚሲ

.

ኔያፉ
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1995

ለሴሚሲ

እግዚአብሔር እውነት መናገሪያ አንደበት ይስጥህ።

ሁለት ገጽ ጽፈህልኛል። የአውቶቡሱን ሸራ ጽፈሃል፣ ቃሪያውን ጽፈሃል። ስንተኛ ክፍል እንደገባች አልጻፍክም። «በሂደት ላይ ነው» የሚባለው ከመቼ ወዲህ ነው? እዚህ እንዲህ የሚሉን የውሃ መስመሩን የሚዘረጉት ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ስንጠብቅ ስድስተኛ ዓመታችን ነው።

ፎቶውን በር ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት። ልጄ መሐል ላይ ቆማለች፤ ግራና ቀኝ ያሉት ልጆች ራሳቸው ብብቷ ሥር ነው። የአምባሳደር ልጆች አያድጉም ልትለኝ ነው? አንዷማ አሻንጉሊት ይዛለች።

ሽመና ቤት ፎቶውን አላሳየሁም። «ገና አልደረሰም» ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ይህንን ኃጢአት አንተ ላይ ነው የምጽፈው።

አሁን በአንድ መስመር መልስልኝ። ስንተኛ ክፍል ናት? ዝቅ አድርገዋት ከሆነ ፋሲካ ሩቅ አይደለም። አልጋዋን አናፍሼ አንጥፌዋለሁ።

ሉሴአኔ

.

ሱቫ
ማርች 8 ቀን 1995

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ሉሴአኔ

ሰላምታዬን ዛሬ አንገቴን ደፍቼ ነው የማቀርበው።

ስድስተኛ ክፍል ናት።

አንድ መስመር ነው ያሉኝ፤ መስመሩ ይኸው ነው። ግን እንዴት እንደሆነ ማወቅ ስለሚገባዎ ልጨምር። በሂሳቡ ያገኘችው ውሸት አይደለም። ጽሑፏም ደህና ነበር። የጣላት ንባቡ ነው። አስተማሪው ፊፊታንና ማካን ፊት ለፊት አስቀምጦ አንድ ታሪክ ሰጣቸው፤ ተራ በተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡ ነው። ወረቀቱን በኋላ አሳይተውኛል። ቀላል ታሪክ ነው፤ አንዲት ልጅ ለጭፈራ ስትዘጋጅ፣ አንድ ጎረምሳ ሊወስዳት ሲመጣ፣ መጨረሻ ላይ በሩ ላይ ሲሳሳሙ። ማካ የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ዜና አንባቢ አንበለበለው። የሷ ተራ ሲደርስ ፊፊታ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። አስተማሪው ለመናት። ሌላ መስመር አሳያት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። አሥር ደቂቃ ጠብቆ «እንግሊዝኛ ጮክ ብላ ማንበብ አትችልም፤ ሁለት ክፍል ዝቅ ብላ ትጀምር» ብሎ ጻፈ። ማካ ዘጠነኛ ገባ።

ቤት ስንገባ «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ምንም» አለች። ማካ ደግሞ ከጎን ሆኖ «እኔ እንኳን ቃሉን ላቀብላት ነበር እኮ! በእግሬ ነካ አደረግኋት፤ ጭራሽ ፊቷን አዞረች» አለ። ያኔ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። ፈርታ ነው ብዬ ተውኳት።

ናሊኒ ውሳኔው እንደገና የሚታየው በጁላይ ነው አለችኝ። ፊፊታ አታማርርም። የስድስተኛ ክፍል ልጆች ጫማቸውን እንድታስርላቸው ይሰለፋሉ፤ እሷም ታስርላቸዋለች። ግን ወደ ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳትከፍት ትቀመጣለች።

ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጻፍኩልዎ ውሸት አልነበረም፤ የዘለልኩት ግን እውነቱን ነው።

ሴሚሲ

.

ኔያፉ
ማርች 18 ቀን 1995

ለወንድሜ ለሴሚሲ

አእምሮ የሚያድለው አምላክ ወደ ሱቫም ብቅ ይበል።

ደብዳቤህን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ብቻዬን እስክነፈርቅ ሳቅሁ። ከዚያ እንደገና ተናደድኩ።

አንተ ሰው! ማካ የማን ልጅ ነው? የወንድማችን ልጅ አይደለም? ታዲያ ለፊፊታ ወንድሟ አይደለም? አሥራ ሦስት ዓመት የሞላትን ልጅ በወንድሟ ፊት አስቀምጠህ ስለዚያ ነገር ጮክ ብለሽ አንብቢ ትላለህ? አፏን ብትከፍት ነበር የማፍርባት! ወረቀቱን ገልብጣ ማስቀመጧን ሳነብ «የኔ ልጅ!» ብዬ ጭኔን መታሁ። እሱ ደግሞ በእግሩ ይነካታል! አንድ ላይ አድርጉልኝ ብለህ የለመንከውም አንተው ነህ። እንዳትፈራ ብለህ!

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላህ አባታችን ከማድ ቤቱ ጀርባ የወንዶች ጎጆ የሠራልህ ለምን ይመስልሃል? ከዚያ ወዲያ እኔ ባደርኩበት ቤት አድረህ ታውቃለህ? እኔ በተቀመጥኩበት ሬዲዮው የፍቅር ዘፈን ሲጀምር ሾርባህን ጥለህ ትወጣ የነበርከው አንተ አልነበርክም? አሥራ አምስት ዓመት የባሕር ካርታ ስትሥል የሰውን ካርታ አጠፋኸው።

ይባስ ብለህ ያንን ቃል ለእኔ ለእህትህ በደብዳቤ ትጽፍልኛለህ! ደብዳቤህን ለማንም ሳላሳይ አራት ቦታ አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሴ ሥር ከተትኩት። ቃሉ ወደ ታች ዞሮ ነው ያለው።

አሁን የምታደርገውን ስማ። አንደኛ፣ ማካ ከዛሬ ጀምሮ ፊፊታ የምትተኛበት ጣሪያ ሥር አይተኛም። የት እንደምታደርገው አንተ እወቅ። ልጁ ሱቫ ስላደገ አያውቅም፤ አትቆጣው፣ አስተምረው። ሁለተኛ፣ አብሮ ያለው የታሸገ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነው። በእኛ ቋንቋ ጽፌዋለሁ። አንተ እንዳትከፍተው፣ እንዳትተረጉመው። ኃላፊዋ ፊት ፊፊታ ትክፈተው፤ እሷው ጮክ ብላ ታንብበው፣ እሷው ወደ እንግሊዝኛ ትመልሰው። ማካ ግቢው ውስጥ እንዳይኖር። ከዚያ በኋላ ማንበብ አትችልም የሚል ካለ በጽሑፍ ይላክልኝ።

እህትህ
ሉሴአኔ

.

ሱቫ
ኤፕሪል 3 ቀን 1995

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ ሉሴአኔ

ለሰደበኝ አፍዎ ጤና ይስጥልኝ። ይገባኝ ነበር።

ማካን አስተምሬዋለሁ። ልብስ ማጠቢያ ክፍሉን ባዶ አድርገን አልጋ አስገባንለት። መጀመሪያ አኩርፎ «አባዬ፣ ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። «ምንም። ወንድሟ ሆነህ ተወለድክ፤ እሱን ደግሞ አትለውጠውም» አልኩት። «በእግሬ የነካኋትስ?» «እሱማ ጥፋት ነው።» ሁለት ቀን አሰበበት። በሦስተኛው ቀን የራግቢ ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ በሩ ላይ «ሳያንኳኩ መግባት ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ሰው የራሱ ቤት ሲኖረው ደስ ይለዋል።

ቀጠሮው ያለፈው ረቡዕ ነበር። ማካን ማዶ ሮቲ ቤት አስቀመጥኩት። ኃላፊዋ ሚስ ቢቨርሊ የምትባል አውስትራሊያዊት ናት፤ ፈታኙ አስተማሪና ናሊኒም ነበሩ። ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ።

«ማን ይተረጉምልናል?» አለች ሚስ ቢቨርሊ።

«እሷ» አልኩ።

አስተማሪው ወረቀቶቹን አገላበጠ። «ማንበብ ያቃታት ልጅ ናት የምትተረጉመው?»

«አዎ፣ እሷው።»

ፊፊታ ተነሣች። ፖስታውን በጥፍሯ ቀደደች። አንድ ዓረፍተ ነገር በእኛ ቋንቋ ታነባለች፣ ቀና ትላለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሰዋለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ቀጭን ነበር። እርስዎ ስለ ወንድምና እህት የጻፉት ላይ ስትደርስ ግን ኔያፉ ቤተ ክርስቲያን ምንባብ የምታነብ መሰለች። አስተማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንድሜ መልካም ሰው ነው፤ ማስተዋል ሲታደል ግን ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ ነበር» የሚለውን እንኳን አልዘለለችልኝም። ናሊኒ ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነች።

መጨረሻው ላይ ግን ቆመች። ዓይኗ ወደ ታች ሄደ፣ ተመለሰ። ወረቀቱን አጠፈችው።

«አለቀ?» አለች ሚስ ቢቨርሊ።

«የቀረው የቤተሰብ ነው።»

«ደብዳቤው የተጻፈው ለእኔ አይደለም እንዴ?»

«ለእርስዎ ነው። ግን ይኼን አክስቴ ደክሟቸው ነው የጻፉት» አለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም ምን እንደነበር አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም።

አስተማሪው ራሱ ነው የተናገረው። «ተሳስቻለሁ። ዝም ስትል ምክንያቷን መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። በማግስቱ ብቻዋን አስቀምጦ ሌላ ነገር አስነበባት፤ ስለ ዓሣ ነባሪ ነበር። ዓሣ ነባሪ በየዓመቱ ከደጃፏ የምታይ ልጅ ናት፤ መጽሐፉ የሳተውን አርማ ተመለሰች። ከሰኞ ጀምሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ጽሑፏን ለማጠናከር እስከ ጁላይ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ትቆያለች። ናሊኒ ደግሞ ለወላጅ በምትሰጠው ቅጽ ላይ «አብረው መፈተን የሌለባቸው ዘመዶች አሉ?» የሚል መስመር በእጇ ጨምራለች።

ደብተሯን ልትወስድ ስትገባ ስድስተኛ ክፍሎች በሩን ዘግተው «አትሄጂም» አሏት። አንዷ «ተባረርሽ?» አለቻት። «አልተባረርኩም። ጫማችሁን በእረፍት ሰዓት አስርላችኋለሁ» አለቻቸው።

አሁን የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ። ፋሲካ ደርሷል፤ በአውሮፕላኑ መቀመጫ ይዤላታለሁ። ከእኩዮቿ ጋር ገብታለች፤ ግን ትመለስልኝ ካሉ ትመለሳለች። እሷን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላት «አክስቴ ይወስኑ» ብቻ አለችኝ።

ታናሽ ወንድምዎ
ሴሚሲ

.

ኔያፉ
ኤፕሪል 13 ቀን 1995

ለወንድሜ ለሴሚሲ

የሕማማቱን ሳምንት አሳልፎ ትንሣኤውን ያሳየን። ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። የኔ ወረቀት ከአውሮፕላኑ እንደማይቀድም ስላወቅሁ ትናንት ፖስታ ቤት ሄጄ ቴሌግራም አስመትቻለሁ። «ትቆይ» የሚል አንድ ቃል ነው። ጸሐፊው «እትዬ፣ በዚሁ ዋጋ ሰባት ቃል ይፈቀዳል እኮ» አለኝ። «ይበቃል» አልኩት። ይህ ደብዳቤ የቀሩት ስድስቱ ነው።

የዘለለችውን መስመር ልንገርህ፤ ለአንተ ብቻ ነው። ለኃላፊዋ እንዲህ ብዬ ነበር የጻፍኩት፦ «ልጅቷ ለስምንተኛ ክፍል የማትበቃ ከመሰላችሁ አትቸገሩ። መልሱልኝ። ከሄደች ጀምሮ ቤቱ ጸጥ ብሎብኛል።»

ስጽፈው ደህና መስሎኝ ነበር። ፖስታው ከሄደ በኋላ ነው የከነከነኝ። ስድስተኛ ክፍል ናት ብለህ ስትጽፍልኝ እኮ ከንዴቴ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሴሚሲ። ዝቅ ካደረጓት ትመለሳለች ማለት ነዋ! አልጋዋን ያነጠፍኩት በንዴት አልነበረም። እግዚአብሔር ያየውን ከአንተ ልደብቅ አልችልም።

እሷ ያን መስመር ጮክ ብላ ብታነበው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ኃላፊዋ «በሉ፣ ሴትዮዋም ይፈልጓታል» ብላ በክብር ትሸኛት ነበር፤ ማንም አይወቅሳትም። ፊፊታ ይህ አይጠፋትም። አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «አክስቴ ይወስኑ» ያለችህ ለአክብሮት ነው። ውሳኔውንማ ራሷ ወስናለች፤ እኔንም ሰው ፊት ሳታዋርድ። ያሳደግኋት እኔ ነኝና በዚህ አልቆጣም።

ስለዚህ መቀመጫውን ለሌላ ሰው ልቀቀው። በልጅቷ ላይ ያለኝ ቃል አሁንም የእኔ ነው፤ ቃሌም ትማር ነው። ለገና ትምጣ፣ ያኔ የቫኒላውን አበባ አንድ በአንድ በእጅ ማዳቀሉ አልቆ እጄ ይፈታል። ማካም ይምጣ፤ የወንዶቹ ጎጆ ጣሪያው ያፈሳልና ሲደርስ ይጠግነዋል። የወገብ ምንጣፉን እየጨረስኩላት ነው፤ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን ስለሆነ ስፋቱን አንድ ጣት ጨምሬበታለሁ።

ስለዚያ መስመር አንድም ቃል እንዳትጠይቃት። «አክስቴ ተከፉ ወይ?» ካለችህ ግን እውነቱን ንገራት። ማክሰኞ ዕለት ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው።

እህትህ
ሉሴአኔ